አንድ ጥርስ፣ ሁለት ፍርድ

አንድ ተሸካሚና የፊታውራሪ አመዴ ልጅ ገበያ መሃል ተደባደቡ። እያንዳንዳቸው የሌላውን አንድ ጥርስ ሰብረው ዳኛው ግራዝማች አሰግድ ፊት ቀረቡ።

ዳኛው መጀመሪያ ወደ ፊታውራሪው ልጅ ዞረው፣ «ጥፋተኛ ነህ፤ ግን የአባትህን ስም አይቼ በምክር ብቻ ለቅቄሃለሁ» አሉት። ተሸካሚው ይህን ሲሰማ ምሕረቱ ለእሱም የሚተርፍ መሰለው። ዳኛው ግን ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «አንተ ስድስት ወር ትታሰራለህ!» አሉት።

የተሸካሚው ደም ፈላ። «ጌታዬ፣ ጥፋታችን አንድ አይደለም ወይ?»

«ቅጣት ማክበዱም ማቅለሉም የእኔ ሥልጣን ነው። ማቅለያ ካለህ ተናገር!»

ተሸካሚው ለጥ ብሎ እጅ ነሳና፣ «እንግዲህ ቅጣት የሚያቀለው አባት ከሆነ፣ ሌላ አባት እንዳለኝ እናቴን ጠይቄ እስክመጣ ቀጠሮ ይስጡኝ» አላቸው።