አሞሌ የዳኛቸው ሁለት ነፋሶች

ነፋስ በሚናገርበት፣ ጨው ዳኛ ሆኖ በሚቀመጥበት በዚያ ዘመን፣ ጥቅምት ሦስት ቀን በቀትር የቆላ ነፋስ ከገደሉ አፋፍ መስክ ተባረረ። ፍርዱን የሰጠው አሞሌ ነው። ፍርዱን የጠየቀው ደግሞ ራሱ የቆላ ነፋስ ነበር። እንዴት እንደሆነ ስሙ።

መስኩ የእመት ሰርዶ ነበር፤ መሬት ለመሬት የምትሳበው ሣር። ሌሊት ሌሊት የደጋ ነፋስ ከተራራው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲነጋ ሰርዶ በጠል ርሳ ትነሳለች። ቀን ቀን የቆላ ነፋስ ከታች ከሐይቁ ተነስቶ ይወጣል፤ እሱ ሲመጣ ጠሉ ይደርቃል።

«አያ ደጋ ያጠጣኛል» ትላለች ሰርዶ። «አንተ እሱ ያጠጣኝን ትልሳለህ።»

የቆላ ነፋስ ይህን በሰማ ቁጥር በቅናት ይቃጠላል። በየሣሩ ጫፍ የሚያበራው ጠብታ ሁሉ ለሌላው የተሰጠ ምስጋና ይመስለዋል።

አንድ ቀን መታገሥ አቃተው። በመስኩ ዳር ከነጋዴ በቅሎ ላይ የወደቀ አንድ አሞሌ ጨው ነበር። ጨው አየሩ ሲረጥብ ያልበዋል፤ ሰው ከምድጃ በላይ የሚሰቅለውም ለዚሁ ነው።

«አያ አሞሌ ይዳኘን» አለ የቆላ ነፋስ። «ሦስት ቀን እንለፍበት። እሱን ማርጠብ ያቃተው መስኩን ለቆ ይሂድ።»

«ይሁን» አለ የደጋ ነፋስ። ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙ አያወራም።

በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ የደጋ ነፋስ አለፈ፤ አሞሌ አላበው። በቀትር የቆላ ነፋስ አለፈ፤ አሞሌ ደረቀ።

«ደህና አላየኸኝም» አለ የቆላ ነፋስ።

«እኔ የማየው በቆዳዬ ነው» አለ አሞሌ።

በሁለተኛው ቀን የቆላ ነፋስ ሐይቁ ላይ ተንከባለለ፤ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ጠጣ። ሽቅብ ሲወጣ ግን የመንገዱ ጥቁር ድንጋይ አጋለው። አሞሌ ደረቀ።

«መንገድ ላይ አፍስሶት ይሆናል» ብላ ሰርዶ ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን በቅናት እየነደደ በሩጫ መጣ። አሞሌ ከወትሮውም ይበልጥ ደረቀ።

«ቃል ቃል ነው» አለ አሞሌ።

የቆላ ነፋስ ወረደ። ከሐይቁ ማዶ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ መዞር ጀመረ። እዚያም ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ጠዋት ጠዋት ወደ አፋፉ አንጋጦ «ይሄኔ እያጠጣት ነው» ይላል።

ከወር በኋላ እርግብ በዚያ አለፈች።

«እመት እርግብ፣ ሰርዶ እንዴት ናት?»

«ደርቃለች።»

«ያ ለጋስ አያ ደጋስ?»

«ሌሊት ሌሊት ይወርዳል። ጠል ግን የለውም። ሰርዶ ጨንቋት ስለ ሁለታችሁ አሞሌን ጠየቀችው።»

«ምን አላት?»

«‹ነፋስ ሁሉ የውሃ ዕቃ ተሸክሞ ይዞራል› አላት። ‹ዕቃው ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይጠባል። ደጋ የተሸከመው ቅል ነው፤ በጥቂት ውሃ ሞልቶ ይፈሳል። ቆላ የተሸከመው እንስራ ነው፤ ግማሽ ሆኖም ከቅሉ ይበልጣል። እኔን የሚያረጥበኝ የዕቃው መሙላት ነው እንጂ የውሃው ብዛት አይደለም።›»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገረም?»

«ሰርዶም ይህንኑ አለችው። ‹መርጠቤን ጠየቃችሁኝ፤ መለስኩ› አላት።»

የቆላ ነፋስ ዓይኑን የሌላው ቅል ላይ ተክሎ ስለኖረ የራሱን እንስራ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ አላየውም ነበር። የሚቀና ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሌላውን ጠብታ እያየ የተሸከመውን ይረሳል።

«እሺ፣ የእሱ ቅል ለምን ደረቀ?» አለ በመጨረሻ።

«ከየት ይቅዳ?» አለች እርግብ ክንፏን እየዘረጋች። «ሌሊት የሚያጠጣት አንተ ቀን አምጥተህ እዚያ የምትተወውን ውሃ ነበር።»