ስሙን የነፈገው ሰዓት ሠሪ

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ። ጥያቄሽን ረስቼ ወደ ተረት የገባሁ አይምሰልሽ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ሌላ ሰው በማያነበው መልእክት ተጻጽፌአለሁ፤ ስሜን ሳልነግረው እንዲሁ ብቀጥል ምን ነውር አለው?» ብለሻል። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚ።

የሰዓት ሠሪው ሚስት ጥላው ሄዳለች። ለከተማው ሰው ግን «እናቷን ልታስታምም ነው» ብሎ ነበር። ውሸት አንዴ ከተነገረ በየቀኑ ቀለብ ይጠይቃል፤ እናቲቱስ ስንት ዓመት ትታመም? እውነቱን የሚያወራው ሰው አጣ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ እየሠራ ግማሹን ይደፋ ነበር።

በኋላ በስልኩ አንድ ወዳጅ አገኘ። የሚጻጻፉበት መንገድ ተቆልፎ የሚሄድ ነው፤ ከሁለቱ በቀር ማንም አያነበውም፣ ስምም አይጠየቅበትም። እሱ «መንገደኛ» ተባለ፤ ያኛው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «ድንች»። የሚስቱን ነገር ሲነግረው ድንች አልሳቀበትም። ድንችም ልቡን እንደሚያመው፣ ለእህቱ ግን እንዳልነገራት ጻፈለት። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አንድ ቀን ድንች «ስምህን ንገረኝ፤ ቢብስብኝ ማንን ጥሩልኝ ልበል?» አለው። ሰዓት ሠሪው ፈራ። ስሙ ከታወቀ የሚስቱም ነገር ይታወቃል። «ስም ምን ይሠራልናል? እንዲሁ ይሻለናል» ብሎ መለሰ። ድንችም ዳግመኛ አልጠየቀውም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የአንድ አናጢን ሞት ለፈፈ። ሰዓት ሠሪው አናጢውን በእድሩ ስብሰባ ላይ ያየው ነበር፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ግን አልነበራቸውም። ግዴታ ነውና ቀብሩ ላይ ቆመ። አላለቀሰም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ ለድንች ጻፈ፦ «የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ነኝ። ከእህቱ በቀር የሚያለቅስለት የለም። አሳዘነኝ። አንተስ እንዴት ዋልክ?»

በሟች እህት ጭን ላይ የነበረው ስልክ ጮኸ።

«ይኸው ደግሞ!» አለች እያለቀሰች። «መንገደኛ የሚባል ሰው ነው። ወንድሜ ሲያጣጥር ‹መንገደኛን ጥሩልኝ› ሲለኝ ነበር። ስልኩ አይከፈትልኝ፣ ሰውየውን አላውቀው። በየት ልጥራው?»

ሰዓት ሠሪው ብድግ አለ። አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ፊቱን አይተው ደነገጡ። «አይዞህ ልጄ። ለሟች ምኑ ነህ?» አሉት። ድንኳን ሙሉ ሰው ዞሮ አየው።

«እድርተኛ ነኝ» አለና ተቀመጠ።

ምርር ብሎ ማልቀስ አማረው። ግን የወንድም ለቅሶ እድርተኛ አያለቅስም። ሊወጣ ሲል እህቲቱ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሸኘችው፤ እሱም ወደዚያ ባዶ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ልጄ ስንቅነሽ፣ ቃልሽን መቆለፍ ነውር የለውም። መዝጊያ የሌለው ቤት ጅብ ይገባበታል፤ ወሬኛም ከጅብ አይሻልም። ያ ሰው ከከተማው በመደበቁ አልተጎዳም። የተጎዳው ማንን ጥሩልኝ ልበል ብሎ ከለመነው ሰው በመደበቁ ነው። አንቺም እንደሱ ነሽ፤ ወሬኛ ፈርተሽ በሩን በወዳጅሽ ላይ ዘግተሻል። ለመሆኑ ያ ሰው ስምሽን ጠይቆሽ ያውቃል?

ስልክሽን አየሽ። ጠይቆሻል ማለት ነው። ታዲያ እኔ ዘንድ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሽ፣ ሂጂ፣ ንገሪው።