አንድ ራስ ሽንኩርት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ። የዚህ ተረት ሰዎች ላም የላቸውም፤ ያላቸው ፎርም ነው። ስለዚህ ተረት ተረት ስል፣ "ፎርም ሙሉበት!" በሉኝ።

ተረት ተረት።

ሰርካለም የምትባል ልጅ ነበረች። በሳይንስ ፋኩልቲ የባዮሎጂ የማስተርስ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ አንድ ራስ ሽንኩርት።

ለወጥ አይደለም፤ ለሥሩ ነው። ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው ወንዝ ምን ያህል እንደተበከለ የሽንኩርት ሥር ይናገራል። ሥሩን ቆርጠው፣ ቀለም ውስጥ ነክረው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ሴሎቹ ደህና መሆናቸው ወይም መታመማቸው ይታወቃል። የሰርካለም ጥናት ይኸው ነው።

ሽንኩርትማ ነበራት። መስኮቷ ላይ፣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ ተቀምጦ ሥር እስኪያወጣ ትጠብቀው ነበር። ሰኞ ዕለት ሽሮ ልትሠራ ምድጃውን ለኮሰች። ዘይቷ ጭላጭ ነው፤ ሽንኩርት የላትም። ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተያዩ።

ከተፈችው።

ጥናቴን በላሁት፣ አለች በልቧ። ጣፈጣትም።

ረቡዕ ጠዋት ጉሊት ወረደች። ኪሷ ባዶ ነው። ጓደኞቿም እንደሷ ሽሯቸውን በውሃና በጨው ነው የሚያማስሉት፤ ማንን ትጠይቅ? እትዬ አሰገደች ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሽንኩርታቸውን መደብ መደብ አድርገው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት በዱቤ ይስጡኝ።"

"ዱቤ? ዱቤ እኮ ባለፈው ሳምንት ሞተ። ለቅሶ እንኳ አልደረስሽም?"

"አንድ ራስ ብቻ እትዬ።"

"አንድ ራስም ራሱን ይቻል ልጄ። ብር አምጪ።"

እትዬ አሰገደች ሽንኩርት አልሰጥም አሉ፦ ብር አምጪ።

ብር ያለው ሒሳብ ክፍል ነው። የምርምር በጀት መጠየቂያ ፎርሟ እዚያ ከገባ ወር አልፎታል። ተራ ቁጥር አንድ፣ የሦስት ወር የመኖሪያ ድጎማ። ሁለት፣ ቀለም። ሦስት፣ የመስታወት ስላይድ። አራት፣ ሽንኩርት፣ አምስት ኪሎ። የሒሳብ ሠራተኛው አቶ ክንፉ እስክሪብቷቸውን አራት ቁጥር ላይ ተክለው ጠበቋት።

"እህቴ፣ ሽንኩርት ምግብ ነው።"

"ለላቦራቶሪ ነው አቶ ክንፉ።"

"እኔም ቤት አለ፤ ባለቤቴ ወጥ ትሠራበታለች። የምርምር በጀት ምግብ አይገዛም።"

"እሺ፣ እሱን መስመር ልሰርዘው።"

"ስርዝ ድልዝ?" አቶ ክንፉ ስድብ እንደሰማ ሰው ደነገጡ። "ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም።"

"አዲስ ልሙላ?"

"አዲስ ፎርም መስከረም ላይ ነው። ይሄኛው ደግሞ ዓርብ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ሽንኩርት ምግብ አይደለም የሚል ደብዳቤ አምጪ። ክብ ማህተም ያለው።"

ሰርካለም ደረጃው ላይ ቆማ አሰበችው። ፎርሙ ከተዘጋ የሦስት ወር መኖሪያዋ አብሮ ይዘጋል። አከራይዋ እሁድ ቁልፉን ትቀበላታለች። ከዚያ ሻንጣዋንና ያላለቀ ጥናቷን ይዛ ፍኖተ ሰላም፣ እናቷ ቤት። በአንድ መስመር። በተራ ቁጥር አራት።

እትዬ አሰገደች ሽንኩርት አልሰጥም አሉ፦ ብር አምጪ። አቶ ክንፉ ብር አልለቅም አሉ፦ ደብዳቤ አምጪ።

ደብዳቤ የሚጽፉት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጽዮን ናቸው። ሰምተው ሳቁ። ከዚያ አልሳቁም።

"ሽንኩርት ምግብ አይደለም ብዬ በፊርማዬ? እናቴ ብትሰማ ባለሙያ አላሳደግሁም ብላ ታለቅሳለች።"

"ዶክተር፣ ፎርሙ እኮ ከነገ ወዲያ ይዘጋል።"

"ገብቶኛል ሰርካለም። ግን ጥናቱ መጀመሩን አማካሪሽ ካላረጋገጡልኝ ምን ብዬ ልጻፍ? ፊርማ አምጪ።"

እትዬ አሰገደች ሽንኩርት አልሰጥም አሉ፦ ብር አምጪ። አቶ ክንፉ ብር አልለቅም አሉ፦ ደብዳቤ አምጪ። ዶክተር ጽዮን ደብዳቤ አልጽፍም አሉ፦ ፊርማ አምጪ።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ወልደሰንበት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጉ ነበር።

"ግንባርዎ ላይ ነው ፕሮፌሰር።"

"አየሽ? ዐይን ያላየው ነገር የለም ማለት አይደለም። ሽንኩርቱስ ሥር አወጣ?"

ጫማዋን አየች።

"ሰርካለም።"

"በላሁት።"

"በምን?"

"በሽሮ።"

ፕሮፌሰሩ ተነሥተው በሩን ዘጉ። "እኔ በተማሪነቴ የሙከራ ድንች በልቻለሁ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቀቅዬ። ለማንም እንዳትናገሪ። ፊርማው ግን ሌላ ነው ልጄ፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም። ሲከፈል የተያዘ አንድ ሴል ይበቃኛል። ፎቶ አምጪ።"

እትዬ አሰገደች ሽንኩርት አልሰጥም አሉ፦ ብር አምጪ። አቶ ክንፉ ብር አልለቅም አሉ፦ ደብዳቤ አምጪ። ዶክተር ጽዮን ደብዳቤ አልጽፍም አሉ፦ ፊርማ አምጪ። ፕሮፌሰሩ አልፈርምም አሉ፦ ፎቶ አምጪ።

ሐሙስ ጠዋት ላቦራቶሪ ገባች። ማይክሮስኮፑን አበራችው። ክብ ብርሃን። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ባዶ። ማይክሮስኮፕ አይናገርም ትሉኝ ይሆናል፤ ተረት ውስጥ ይናገራል።

"መብራቴን አብርቼ ቁጭ ብያለሁ" አላት። "ያልሰጡኝን ግን አላሳይም። ሥር አምጪ።"

ሥሩስ? ሥሩ ያለ ሽንኩርት አይመጣም። ሽንኩርቱ እትዬ አሰገደች ጋ ነው። አሁን ቢሰጧት እንኳ ሥር እስኪያወጣ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ነገ ዓርብ ነው።

ከሰዓት በኋላ እግሯ ጉሊት አደረሳት። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም።

"መጣሽ?" አሉ እትዬ አሰገደች። "ብሩስ?"

ሰርካለም የለም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው። ባንድ ትንፋሽ፦

"እርስዎ ሽንኩርት አልሰጥም አሉኝ፣ ብር አምጪ! አቶ ክንፉ ብር አልለቅም አሉኝ፣ ደብዳቤ አምጪ! ዶክተር ጽዮን ደብዳቤ አልጽፍም አሉኝ፣ ፊርማ አምጪ! ፕሮፌሰሩ አልፈርምም አሉኝ፣ ፎቶ አምጪ! ማይክሮስኮፑ ፎቶ የለኝም አለኝ፣ ሥር አምጪ! ከየት ላምጣ እትዬ? ከየት?"

ቲማቲም የምትመርጥ ሴትዮ ቲማቲሟን እንደያዘች ቀረች።

"ቆይ ቆይ" አሉ እትዬ አሰገደች። "መጨረሻ ላይ ምን አልሽ?"

"ሥር አምጪ።"

"የፈለግሽው ሥር ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሽንኩርት ስጡኝ ምን አስባለሽ?"

"ሥሩ ከሽንኩርት ነዋ እትዬ!"

"ኤዲያ! የተማረ ሰው! እኔ ሽንኩርት ሸቃጭ ነኝ፤ ሽንኩርት ስትዪኝ ብር አልኩሽ። ሥር ብትዪኝ ኖሮ ረቡዕ ዕለት ተሸክመሽው ትሄጂ ነበር።"

ወደ ኋላ ዞረው አንድ ጆንያ ጎተቱ። ዝናብ ያገኘው፣ ለሽያጭ የማይወጣ ጆንያ። እጃቸውን ከትተው አንድ ሽንኩርት አወጡ። ከላይ አረንጓዴ ቀንድ አብቅሏል፤ ከታች ነጭ ጺም።

"ይሄን ማን ይገዛኛል? ልቡ ላልቷል። ለጎረቤት በግ ነው የምወረውረው።" አንድ ጨመሩ። ሌላም። "እንቺ።"

ሰርካለም አገላብጣ አየችው። ሥሮቹ ቀጭን፣ ትኩስ፣ ጫፋቸው ያልተነካ። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

"ምን ትገተሪያለሽ? ነገ ዓርብ አይደለም እንዴ? ሂጂ!"

ሮጠች።

የመጀመሪያው ስላይድ ቀለም በዝቶበት ጠቆረ። ሁለተኛው በጣቷ ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ ብርሃኑን አስተካከለች። ጡብ ጡብ የመሰሉ ሴሎች ተደርድረዋል። ሁሉም ተኝተዋል። ተኝተዋል። ተኝተዋል። አንዱ ግን አልተኛም፤ መሃሉ ላይ ቀያይ ክሮች ለሁለት ተከፍለው፣ ወደየጫፋቸው ይሳሳባሉ።

ስልኳን ማይክሮስኮፑ ዐይን ላይ ደቀነች። ማይክሮስኮፑ፦ ፎቶው ይኸውልሽ፣ እንቺ።

ዓርብ ጠዋት ፕሮፌሰር ወልደሰንበት ፎቶውን አዩ። መነጽራቸውን አውርደው ደግመው አዩ። "ተከፍሏል" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ተከፍሏል!" ፊርማው ይኸውልሽ፣ እንቺ።

ዶክተር ጽዮን ፊርማውን አዩ። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ እንደገና ጻፉ፤ ጸሐፊዋ ማህተሙን አሳረፈች። ደብዳቤው ይኸውልሽ፣ እንቺ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ደብዳቤው አቶ ክንፉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጮክ ብለው አነበቡት። "ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ውስጥ ሽንኩርት ምግብ አይደለም።" ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ክብ ነው።

"አሁን ሕጋዊ ሆነ" አሉ። "ባለቤቴ ብታየው ግን ራት የለኝም።" ፎርሙ ላይ ፈረሙ። "እንቺ፣ ያንቺ ኮፒ ነው። ብሩ ነገ ባንክ ይገባል።"

ገባ። አከራይዋ ድርሻዋን ወሰደች፤ ቁልፉ ሰርካለም ኪስ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጉሊት ወረደች።

"እትዬ፣ ያ የሰጡኝ ስንት ነው?"

"ሥሩን ነው የሰጠሁሽ። ሥር አልሸጥም። ዛሬስ ምን ፈለግሽ? ደህና አድርገሽ ንገሪኝ፣ እንደዚያን ቀን እንዳታንከራትቺኝ።"

"ሽንኩርት። አንድ ኪሎ።"

"ለዚያ ለማይክሮስኮፕሽ ነው?"

"ለወጥ ነው።"

እትዬ አሰገደች ጠንካራ ጠንካራውን መረጡላት። መዘኑ። ከመደቡ አንድ ራስ አንስተው መረቁበት።

"እንቺ።"

ሒሳብ ክፍል ፋይል ውስጥ፣ በክብ ማህተም የተረጋገጠ አንድ ደብዳቤ አለ። ሽንኩርት ምግብ አይደለም ይላል። ሰርካለም ደግሞ ቤቷ ገብታ፣ ሁለት ራስ ከትፋ፣ ቡናማ እስኪሆን አቁላልታ በሽሮ በላችው።

ተረቴ ይኸው፣ እንኩ። ምንም አምጡ አልልም።