የመግፋት ተራ

ቤንዚን ከቅቤ በተወደደበት ዘመን አንድ የታክሲ ሾፌር በማደያው ሰልፍ ላይ ጠብታ እንዳይባክንበት ሞተሩን አጥፍቶ አሮጌ መኪናውን በእጁ ይገፋ ነበር። አቶ ደስይበለው የሚባሉ ትልቅ ሹም ሰልፉን ሊጎበኙ መጡ፤ ሊጎበኙ ስል ተሳሳትኩ፣ ሳይሰለፉ ሊቀዱ መጡ። ሾፌሩን አይተው የመኪናቸውን መስኮት ዝቅ አደረጉ።

«አንተ! ከተማችንን በእንግዳ ፊት ታዋርዳለህ? አሁኑኑ ሞተሩን አስነሳ፤ እምቢ ካልህ ታርጋህ ይፈታል!»

ታርጋው ከተፈታ እንጀራው እንደሚቋረጥ ያውቃልና ሾፌሩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ክቡርነትዎ፣ ትናንት በሬዲዮ ‹የኑሮውን ሸክም እንካፈል› ብለውን የለም እንዴ? እኔና መኪናዬ ይኸው ተካፈልን፤ በመንገድ እሷ ትሸከመኛለች፣ በሰልፍ እኔ እገፋታለሁ። የእርስዎ የመግፋት ተራ ሲደርስ ብቻ ይንገሩን፤ ሰልፈኛው ሁሉ መጥቶ ያግዝዎታል።»