ወንዙን በጅረት የተማረው አባት

አንድ አባት ነበረ። ያለችውን አንዲት ልጁን ከትልቁ ወንዝ ማዶ ዳራት። በዚያው ክረምት ደራሽ ውሃ ድልድዩን ይዞት ሄደና መንገዱ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ከእርሻው ሲመለስ ወንዙ ዳር ይቆማል። ከማዶ ጭስ ሲወጣ ካየ «ይኼኔ እሳት እያነደደች ይሆናል» ይላል። በበዓል ቀን እልልታ ውሃውን ተሻግሮ ሲመጣ የእሷን ድምፅ ለመለየት ጆሮውን ያቆማል። ድምፁ ግን ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋበታል።

በታንኳ ሊሻገር ቆረጠ። ሆኖም ሳያውቁ የገቡበትን ወንዙ አልመለሳቸውም። ስለዚህ በጓሮው አልፎ እዚያው ወንዝ ውስጥ ወደሚገባው ትንሽ ጅረት ሄደ። ደንገል አስሮ ታንኳ ሠራ፤ ተገለበጠበት። ልብሱን ጨምቆ እንደገና አሰረ። ታንኳ በየት በኩል ሲከብድ እንደሚያጋድል፣ ውሃ ሲገፋው እንዴት እንደሚቀዘፍ እየወደቀ ተማረ።

ጎረቤቱ አይቶ «ልጅህ ያለችው ከወንዙ ማዶ፣ አንተ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ትጫወታለህ። አትናፍቅህም እንዴ?» አለው።

አባትየው ታንኳውን ወደ ዳር ጎተተ። «ብትናፍቀኝ ነው እንጂ» አለ። «እዚያ ብሳሳት እሞታለሁ፤ እዚህ ብሳሳት እበሰብሳለሁ። ውሃው እንደሆነ ያው ውሃ ነው።»

ክረምቱ ሲወጣ ታንኳውን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ወረደ። መሐል ላይ ጅረቱ ያላሳየው አዙሪት ያዘው። ፈራ። ግን ታንኳው አልተፈታም፣ እጁም መቅዘፍ አልረሳም። ታግሎ ወጣ። ማዶ ውሃ የምትቀዳ ሴት ቀና ብላ አየችው፤ እንስራዋ ከእጇ ወደቀ።

«አባባ!»

ታንኳውን ዳር አስጠግቶ ወደ ልጁ ወጣ።

ልጄ፣ ይህን ተረት የነገርኩሽ ለጥያቄሽ መልስ እንዲሆን ነው። ወደምሠራበት ቤተ ሙከራ መጥተሽ «የታመመችው እናቴ ሰው ሆና ሳለች ስለ ምን ዝንብና አይጥ ትመረምራላችሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የእናትሽ ሰውነት ትልቁ ወንዝ ነው፤ በእሷ ላይ እየተሳሳትን መማር አንችልም። ዝንቧ ጅረቷ ናት። ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ቶሎ ታሳየናለች፤ የሰውነቷም አሠራር በብዙ ነገር ከእኛው ጋር አንድ ነው። አዙሪቱን ሁሉ አታሳየንም፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ነገር ግን ዝንብ ላይ አጎንብሼ ስታዪኝ እናትሽን የረሳኋት አይምሰልሽ። ወደ እሷ የምሻገርበትን እየተማርኩ ነው።