ቁስሏ አልሽር ያላት አህያ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላማ ሜዳ ላይ አንዲት አህያ ከድኩላ፣ ከከርከሮና ከሌሎች ሣር በል እንስሳት ጋር በአንድ መንጋ ትኖር ነበር። በጋው ገብቶ ሣሩ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ከአንድ ቁልቁለት ስትወርድ ስለታም ድንጋይ የኋላ እግሯን ሰነጠቃት። ቁስሉ እንኳ ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም፤ የከፋው ጊዜው ነበር። ኩሬው ሲደርቅ መንጋው ሩቅ ወዳለው ወንዝ መሄዱ አይቀርም። የመንጋው ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ መራመድ ያልቻለ ይቀራል። የቀረውን ማን እንደሚያገኘው መናገር አያስፈልግም።

ይህን ወሬ ጅብ ሰማ። ሰምቶ ዝም የሚል ሆድ የለውምና ያኔውኑ ሊዘነጥላት ተነሣ። ቀበሮ ግን መንገድ ላይ አገኘውና አስቆመው። መንጋው መሀል ዘሎ ቢገባ የድኩላ ቀንድና የከርከሮ ክራንቻ ምን እንደሚያደርጉት አስታወሰው።

«አያ ጅቦ፣ ለምን ትደክማለህ?» አለው። «ሲመሻሽ እዚያ ጉብታ ላይ ወጥተህ ጩህ። በየቀኑ ጩህ፣ ሌላ ምንም አታድርግ። ፈርቶ የሚኖር ገላ ቁስሉ አይዘጋለትም። መንጋው ሲሄድ እሷ ትቀራለች፤ ያኔ ሳትለፋ ታገኛታለህ።»

ጅብ ነገሩ ባይገባውም «ታገኛታለህ» የምትለዋ ቃል ገባችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉብታው ላይ እየወጣ ያላዝን ጀመር። እሱ እዚያ ሲያላዝን ቀበሮ ወደ ጅብ ዋሻ እየገባ ያከማቸውን ሥጋ ይበላ ነበር። ቀበሮ ለማንም በነፃ ምክር ሰጥቶ አያውቅም።

አህያዋ ጩኸቱን በሰማች ቁጥር ጆሮዋ ቀጥ ይላል፣ ልቧ ይደልቃል፣ የጎረሰችው ሣር አፏ ውስጥ ይቀራል። ጩኸቱ ካቆመ በኋላም እሷ መስማቷን አታቆምም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

ጠያቂው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በዚያ መንጋ የታመመን መጠየቅ ትልቅ ወግ ነበር፤ ሳይጠይቅ የቀረ ዓመት ሙሉ ይታማል። ስለዚህ ሁሉም ይመጣሉ፣ ቁስሉን አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። ከርከሮ ባለፈው በጋ እግሯን ታማ የቀረችውን የአክስቱን ልጅ ጅብ ከየት ጀምሮ እንደበላት ሳይቀር ይተርክላታል። ድኩላ በበኩሏ የትናንቱ ጩኸት ከበፊቶቹ ይልቅ ቀረብ ያለ እንደነበር ትነግራታለች። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ሲነሡም «አይዞሽ» ብለዋት ነው የሚነሡት፤ በአህያዋ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ግን ጅቡ ነው።

የመንጋው መድኃኒት አዋቂ እማማ ኤሊ ነበረች። ቅጠል እያኘከች ቁስሉ ላይ ትለጥፋለች። ያ ቅጠል ሌላውን ሁሉ ሲያድን የኖረ ቢሆንም ለአህያዋ ግን እምቢ አለ። ቁስሉ መግል ያዘ። ኩሬውም ጎድሎ ጎድሎ ጭቃው መታየት ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤሊ ቅጠል ሳትይዝ መጣችና አጠገቧ አረፍ አለች። እንዴት እንደምታድር፣ ምን እንደምትበላ፣ ጠያቂዎቿ ምን እንደሚያወሩላት አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አህያዋ ሁሉንም ነገረቻት።

«እማማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መቅረቴ ነው?»

ኤሊ አንገቷን አውጥታ ወደ ጉብታው ተመለከተች።

«ልጄ፣ ቅጠሌ ያግዛል እንጂ ቁስል የሚዘጋው እሱ አይደለም። በደምሽ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ዘበኞች አሉ። ተባዩን የሚገድሉት፣ ቆሻሻውን የሚጠርጉት፣ የተቀደደው እንዲጠገን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ የእኔዎቹ የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱም። ከላይ ከአንጎልሽ የሚላክላቸውን ይሰማሉ። መልእክተኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ክር በቀጠነው ነርቭ ሮጦ ወዲያው ይደርሳል። ሌላው አዋቂዎች ሆርሞን የሚሉት ነው፤ ከደም ጋር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቶሎም አይወጣም። ጅብ መጣ ሲባሉ ዘበኞችሽ መጀመሪያ ይነቃሉ፣ ሊከላከሉ ይሰለፋሉ፤ ይህ ደግ ነው። በየቀኑ ጅብ መጣ ሲባሉስ? አቅምሽ ሁሉ ለሩጫ ይቀመጥና እነሱን ‹ጥገናው ይቆይ፣ ዝም በሉ› የሚል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል። እግርሽ ምንም አላጠፋም፤ የሚሠራለት አጣ እንጂ።»

አህያዋ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ እግሯን ስትረግም ነበር የከረመችው። ትንሽ ቆይታም ፍርሃቱን ተይው ብትባል መተው እንደማትችል ተናገረች።

«አንቺማ ብቻሽን አትችዪም» አለቻት ኤሊ። «እኛ ነን የምንችለው።»

ወዲያው ጠያቂዎቹን ሰብስባ ተቆጣቻቸው። ከርከሮ ተቀየመ። ቀርቶ አያውቅም፣ አንድም ቀን ባዶ አፉን መጥቶ አያውቅም፤ በዚህ ይወቀሳል እንዴ? ኤሊ ግን አልሰማችውም። ከዛሬ ጀምሮ ጥየቃው ሲመሻሽ እንዲሆን፣ ሁሉም ቀንዱንና ክራንቻውን ወደ ውጭ አድርጎ በዙሪያዋ እንዲተኛ፣ የጅብ ስም ደግሞ እንዳይነሣ አዘዘች።

በዚያው ቀን ሲመሻሽ አህያዋን ከበቧት። ጅብ ከጉብታው ላይ ጮኸ። ጆሮዋ ቀጥ አለ፤ ነገር ግን የድኩላ ጀርባ በአንድ ጎኗ፣ የከርከሮ ጀርባ በሌላው ጎኗ ይሞቃት ነበር። ከርከሮ ያለ ጅብ ወሬ አልመጣለት ብሎ ተቸገረ። በመጨረሻ ጭቃ ዓይኑን ደፍኖት ድንጋይ መስሎት ጉማሬ ጀርባ ላይ የተኛበትን ቀን አወራ። አህያዋ ሳቀች፣ ደግማም ሳቀች፣ ጅቡ ገና እየጮኸ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ያው የበፊቱ ቅጠል ይዞላት መግሉ ደረቀ፣ ቁስሉም ከዳር ወደ መሀል እየተሰበሰበ መጣ።

ኩሬው ሲደርቅ መንጋው ተነሣ። ቀበሮ ለጅብ ቀኑ መድረሱን ነገረውና አህያዋን እየጠበቀ በመንገዱ ዳር ከቁጥቋጦ ውስጥ እንዲደበቅ አደረገው። ጅብ በጩኸት ድምፁ ተዘግቶ፣ ዋሻውም ባዶ ሆኖበት አጥንቱ ወጥቶ ነበር። አህያዋ በመንጋው ጫፍ በኩል ስታልፍ ዘሎ ወጣባት።

ልቧ ደለቀ፣ ደሟ ወደ እግሮቿ ወረደ። ያው የድሮው ፍርሃት ነበር፤ ዛሬ ግን የሚሠራው ሥራ አገኘ። በአራቱም እግሯ ሸመጠጠች። ጅብ ጥቂት ተከትሏት ጉልበቱ ከዳውና አቧራው ላይ ተዘረጋ። ቀበሮን ቢፈልገው የለም፤ ባዶ ዋሻ ያለው ወዳጅ ምን ያደርግለታል?

አህያዋ ወንዙን ተሻግራ ቆመች። ጆሮዋ ገና ቀጥ እንዳለ ነበር። ድኩላና ከርከሮ መጥተው ከጎንና ከጎኗ ቆሙ። ጆሮዋም ቀስ በቀስ ወረደ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ለምለሙን ሣር መጋጥ ጀመረች፤ ጅቡ ከወንዙ ማዶ ቀርቷል፣ ከእሷም ውስጥ ወጥቷል።

ከዚህ የምንማረው ፍርሃት ለአንድ ሩጫ ቢጠቅምም በውስጣችን ከከረመ ግን የገላችንን ዘበኞች ሥራ እንደሚያስፈታ፣ ስለዚህም የታመመ ስንጠይቅ ስጋት ሳይሆን እረፍት ይዘንለት መሄድ እንደሚገባን ነው።