ሥራ የፈታው የሰዓት ድራይቨር

መልስ የማይቸግራት አንዲት ፕሮግራመር ነበረች። ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሲስተም እምብርት፣ ከርነል ከሚሉት ውስጥ፣ አንድ አሮጌ የሰዓት ድራይቨር፣ ማለትም ሰዓቱን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ አወጣች፤ አዲሱ ሥራውን ሁሉ ስለሚሠራለት አሮጌውን የሚጠራው ኮምፒውተር አልነበረም። ለካስ በወጣትነታቸው የጻፉት ዳይሬክተሩ አቶ ድንበሩ ኖረዋል! በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስጠሯት። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተንደላቀው ሲቆጧት፣ ምክትላቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከጎን ሆነው እንደ ወትሮው የዳይሬክተሩን ደብዳቤ ይፈርማሉ፣ የእሳቸውን ስልክ ይመልሳሉ።

«ምን በደለሽ?» አሉ አቶ ድንበሩ። «ማንንም ሳይነካ የተቀመጠ፣ ሌላው ሥራውን ስለሠራለት ብቻ ይባረራል? በሰው ፊት መልሺ!»

እሷ ወይዘሮ አልጋነሽን አየት፣ አቶ ድንበሩንም አየት አደረገችና በትሕትና እጅ ነሣች።

«ኧረ እርስዎ አይስጉ ጌታዬ! የእኔ ሥልጣን ከከርነሉ አያልፍም።»